ቤት የእግዚአብሔር ነው

በ1730 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ማሪ ዱራን የተባለች የ19 ዓመት ወጣት በደቡብ ፈረንሳይ፣ ኤግ ሞርት በተባለ ከተማ፣ ክብ የድንጋይ ግንብ ውስጥ ታሰረች። ወንጀሏ የፕሮቴስታንት ሰባኪ እህት መሆኗና እምነቴን አልክድም ማለቷ ነበር። «ትቻለሁ» የምትል አንዲት ቃል ብትተነፍስ በሩ ይከፈትላት ነበር። አልተነፈሰችም። በወጣትነቷ ገብታ ከ38 ዓመት በኋላ አሮጊት ሆና ወጣች። በግንቡ ወለል ላይ ካሉት ድንጋዮች በአንዱ፣ ዛሬም የሚነበብ አንድ ቃል ተቀርጿል፤ ትርጉሙ «አትበገሩ» ነው። በእሷ እጅ የተቀረጸ ነው ይባላል።

የዚህችን ሴት ታሪክ ያስቀደምኩት፣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ሌ ሻምቦን ሱር ሊኞን በምትባል የደጋ መንደር የሆነው ነገር ያለ እሷ ስለማይገባኝ ነው። ንጉሥ ሄንሪ አራተኛ በ1598 ለፕሮቴስታንቶች የሰጣቸውን የአምልኮ ነፃነት፣ የልጅ ልጁ ሉዊ አሥራ አራተኛ በ1685 ሻረው። ቤተ ክርስቲያናቸው ፈረሰ፣ ሰባኪዎቻቸው ተሰቀሉ፣ ወንዶቻቸው በሰንሰለት ታስረው የንጉሡን መርከብ ቀዘፉ። የቀሩት መቶ ዓመት ያህል በጫካና በዋሻ አመለኩ። ሰባኪ በሌሊት ሲመጣ ገበሬው ከከብቶቹ ጋር፣ ከድርቆሹ ሥር ይደብቀዋል፤ ወታደር ሲጠይቀው አላየሁም ይላል። በሻምቦን ዙሪያ ባለው ደጋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ውርጭና በረዶ በሚፈራረቅበት አገር፣ ሰውን መደበቅ ከአያት ለልጅ ልጅ የወረደ ሙያ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በአብዛኛው ካቶሊክ በሆነችው ፈረንሳይ እነዚህ ሰዎች ትንሽ የፕሮቴስታንት ደሴት ሆነው ኖሩ።

ስደቱ ካበቃም በኋላ ደጋው እንግዳ ማሳደሩን አልተወም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሉዊ ኮንት የተባለ ፓስተር ከሴንት ኤትየን ከተማ የከሰል ጭስ ያዳከማቸውን የድሆች ልጆች እየሰበሰበ ለደጋው ገበሬዎች በአደራ ይሰጥ ጀመር፤ ልጆቹ ወተት ጠጥተው፣ አየር ለውጠው ይመለሳሉ። ገበሬውም ትንሽ ገቢ ያገኛል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ከእርስ በርስ ጦርነት የሸሹ ስፔናውያን መጡ። ስለዚህ ታላቁ መከራ ሲደርስ የደጋው ሰው የሰው ልጅ ማሳደግን፣ ለባዳ አልጋ መዘርጋትን ለምዶት ነበር።

አንድሬ ትሮክሜ የሻምቦን ፓስተር ሆኖ የመጣው በ1934 ነው። አባቱ ፈረንሳዊ፣ እናቱ ጀርመናዊት ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች የትውልድ ከተማውን ይዘው ሳለ፣ መሣሪያ ለመሸከም እንቢ ያለ አንድ ጀርመናዊ ወታደር አግኝቶ ነበር። ጠላት የሚባለው ሰው ክርስቶስ መግደልን አይፈቅድም ብሎ ሲነግረው ልጁ ትሮክሜ ሰማ፤ ከዚያ ወዲህ ሐሳቡን አልለወጠም። ሚስቱ ማግዳ የፍሎረንስ ልጅ ናት፤ እጇ ሥራ የማይፈታ፣ የረዘመ መንፈሳዊ ወሬ የማይመቻት ሴት። ሰው ፍለጋ እየዞርኩ አልረዳም፣ ደጄ የመጣውን ግን በሩን አልዘጋበትም የምትል ነበረች። በ1938 ከፓስተር ኤድዋር ቴስ ጋር ሆነው ወንድና ሴት ልጆች አብረው የሚማሩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከፈቱ። የቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ ጌጥ የሌለው የድንጋይ ቤት ነው፤ በበሩ ላይ እርስ በርስ መዋደድን የሚያዘው የወንጌል ቃል ተቀርጿል።

ጁን 22 ቀን 1940 ፈረንሳይ ለሂትለር እጇን ሰጠች። በማግስቱ እሑድ ነበር። አገሩ በሙሉ በድንጋጤ አንገቱን በደፋበት በዚያ ጠዋት ሁለቱ ፓስተሮች መድረኩ ላይ ቆመው፣ የክርስቲያን ግዴታ ሕሊናውን የሚያስገድደውን ኃይል በመንፈስ የጦር ዕቃ መቋቋም እንደሆነ፣ ወንጌልን የሚፃረር ትእዛዝ ሲመጣ እንደማይታዘዙ፣ ይህንንም ያለ ፍርሃት፣ ነገር ግን ያለ ትዕቢትና ያለ ጥላቻ እንደሚያደርጉት ተናገሩ። ጥላቻ የሚለውን ማስገባታቸውን ልብ ይሏል። በቪሺ ከተማ የተቀመጠው የማርሻል ፔታን መንግሥት በዚያው ዓመት ኦክቶበር የአይሁዶችን መብት የሚነጥቅ ሕግ አወጣ፤ የውጭ አገር አይሁዶችንም ወደ ማጎሪያ ካምፕ መላክ የሚያስችል ሌላ ሕግ አስከተለ።

የመጀመሪያዋ እንግዳ የመጣችው በዚያ ዓመት ብርድ፣ በረዶው መንገዱን በሸፈነበት ምሽት ነው። ማግዳ ምድጃው ላይ እንጨት እየጨመረች ሳለ በሩ ተንኳኳ። ስትከፍተው ከጀርመን የሸሸች አይሁዳዊት ሴት በረዶ ለብሳ፣ እየተንቀጠቀጠች ቆማለች። መግባት እችል ይሆን ብላ ጠየቀች። ማግዳ ይግቡ እንጂ አለቻት። በእኛ አገር የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ሲል «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ» ይባላል። የማግዳም መልስ በሌላ ቋንቋ ያው ነው። አበላቻት፣ እሳት ዳር አስቀመጠቻት፣ የራሰ ጫማዋን ምድጃው አጠገብ አኖረችው። ከዚያ ነገሩ ቀላል መስሏት መታወቂያ ለመለመን ወደ መንደሩ ሹም ሄደች። ሹሙ ግን ለአንዲት ባዕድ ሴት ብለሽ መንደሩን ሁሉ ልታስፈጂ ነው ወይ፣ ነገ ጠዋት ትውጣ አላት። ማግዳ ስትመለስ የሴትዮዋ ጫማ ተቃጥሎ አገኘችው። በዚያ የእጥረት ዘመን ጫማ ፍለጋ ቤት ለቤት ዞረች። በማግስቱ እንግዳዋን ወደ ሌላ ስፍራ ከመላክ በቀር አማራጭ አላገኘችም።

ይህ ሥራ የተጀመረው እንግዲህ በሽንፈት ነው። ማግዳ ያችን ሴት መሸኘቷን ዕድሜዋን ሙሉ ስትጸጸትበት ኖራለች። ከዚያች ሌሊት ግን አንድ ነገር ተማረች፤ ሹም መጠየቅ ቀረ። መታወቂያውም፣ የቀለብ ኩፖኑም፣ ማደሪያውም ከሹም ውጭ መገኘት ነበረበት።

ትሮክሜ በዚያው ሰሞን ወደ ማርሴይ ወርዶ የኩዌከር ክርስቲያኖችን የእርዳታ ሥራ የሚመራውን አሜሪካዊ በርንስ ቻልመርስን አነጋገረ። በካምፖቹ ውስጥ ገብቼ ላገልግል አለው። ቻልመርስ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ልጆችንና አንዳንድ አዋቂዎችን ከካምፕ ማስወጣት እንችላለን፣ የቸገረን ግን የሚቀበላቸው ከተማ ነው፤ ማንም መንደር እነሱን አስጠግቶ ራሱን አደጋ ላይ መጣል አይፈልግም፤ የእናንተ መንደር ይህን ትሆናለች ወይ ሲል ጠየቀው። ትሮክሜ የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌዎች ሰብስቦ አማከረ። ተስማሙ።

ከዚያ ቤቶች ተከፈቱ። የስዊዘርላንድ የሕፃናት መርጃ ድርጅት ላ ጌስፒ የተባለውን ቤት በ1941 ከፈተ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ሲማድ የተባለው የፕሮቴስታንት ወጣቶች ድርጅት፣ ኩዌከሮች፣ የስዊድንና የአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ገንዘብ ላኩ። ከጉርስና ከሪቭሳልት ካምፖች አጥንታቸው የወጣ ሕፃናት በጠባብ ሐዲድ በምትሄደው ባቡር እየተጫኑ መጡ። ግን ከቤቶቹ ይልቅ ብዙውን ሰው የያዘው በደጋው ላይ ተበታትኖ ያለው የገበሬ ጎጆ ነው። ከገበሬዎቹ መካከል ዳርቢስት የሚባሉ ፓስተር የሌላቸው፣ ብሉይ ኪዳንን ሌት ተቀን የሚያነቡ ዝምተኛ አማኞች ነበሩ። ለነዚህ ሰዎች አይሁዳዊ ማለት በመጽሐፍ የሚያውቁት የአብርሃም ዘር ነው። የደጋው ፓስተሮች ለስደተኛ ማረፊያ ሲፈልጉ «ብሉይ ኪዳን» ልኬላችኋለሁ እያሉ በምሥጢር ይላላኩ ነበር። ገበሬው ስንት እንደሆኑ እንጂ እነማን እንደሆኑ አይጠይቅም፤ ጎረቤቱም ማን ቤት ማን እንዳለ እያወቀ አያወራም።

ተቃውሞው በትንሽ ነገር ሁሉ ይገለጥ ነበር። መንግሥት ለማርሻሉ ክብር የቤተ ክርስቲያን ደወል ይደወል ባለ ጊዜ የሻምቦን ደወል ደዋይ የነበረችው ሴት ደወሉ የእግዚአብሔር እንጂ የማርሻሉ አይደለም ብላ ሳትደውል ቀረች።

1942 ከባድ ዓመት ነበር። በጁላይ አጋማሽ የፓሪስ ፖሊስ በሁለት ቀን 13 ሺህ ያህል አይሁዶችን፣ ከነሕፃናቱ፣ ሰብስቦ አጎረ። ወሬው ደጋው ላይ ደረሰ። ኦገስት 10 የቪሺ መንግሥት የወጣቶች ጉዳይ ኃላፊ ዦርዥ ላሚራን ሻምቦንን ሊጎበኝ መጣ። ሰልፍ አልጠበቀውም፣ ግብዣውም ተራ ምሳ ነበር። ከአምልኮው በኋላ የትምህርት ቤቱ ከፍተኛ ተማሪዎች ደብዳቤ ሰጡት። ደብዳቤው በፓሪስ የተደረገውን እንደሰሙ፣ በመካከላቸውም አይሁዶች እንዳሉ፣ በአይሁዳዊና በአይሁዳዊ ባልሆነ ሰው መካከል ልዩነት እንደማያደርጉ፣ ትእዛዝ ከመጣ እንደሚደብቋቸው በግልጽ የሚናገር ነው። የሚደብቁትን ሰው ደብቀናል ብሎ ለመንግሥት መጻፍ ጥበብ ነው ወይስ ድፍረት የሚለውን ብዙ አሰላስዬበታለሁ። እኔ እንደሚመስለኝ ልጆቹ እሑድ እሑድ የሰሙትን ስብከት ቃል በቃል ወስደውት ነው። የአውራጃው ገዥ ተቆጣና ትሮክሜ ላይ ዛተ። ትሮክሜ አይሁዳዊ የሚባለውን አናውቅም፣ እኛ የምናውቀው ሰውን ብቻ ነው ሲል መለሰ።

ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ፖሊሶች አውቶቡሶች አስከትለው መጡ። አዛዡ የአይሁዶቹን ስም ዝርዝር ከትሮክሜ ጠየቀ። ትሮክሜ ስማቸውን አላውቅም፣ ባውቀውም እረኛ በጎቹን አሳልፎ አይሰጥም አለ። በዚያች ሌሊት መልእክተኞች ወደየጎጆው ሮጡ፤ እንግዶቹ ሁሉ ከድርቆሽ ክምርና ከአልጋቸው ተነሥተው ጫካ ገቡ። ትሮክሜ ደጋግሞ የሚሰብከው ክፍል የኦሪት ዘዳግም 19ኛ ምዕራፍ ነበር፤ ነፍሰ ገዳይ ተብሎ የሚታደን ሰው ሸሽቶ የሚድንባቸው የመማፀኛ ከተሞች፣ ንጹሕ ደም በምድሪቱ ላይ እንዳይፈስ የተለዩት። ፍተሻው ሳምንታት ቆየ። ፖሊሶቹ ጓዳ ከፈቱ፣ ግድግዳ መቱ፣ ቁም ሣጥን አገላበጡ። ካመጧቸው አውቶቡሶች በአንዱ ውስጥ አንድ የተያዘ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ዣን ፒየር፣ የፓስተሩ ልጅ፣ የነበረችውን ቁራሽ ቸኮሌት በመስኮት ሰጠው። ከዚያ የመንደሩ ሰው እየተሰለፈ ያለውን እያመጣ ሰውየው አጠገብ ከመረ። ከፍተሻ በፊት ስልክ እየደወለ ፖሊስ ሊመጣ ነው የሚል ስሙን የማይናገር ሰውም ነበር፤ ከራሳቸው ከፖሊሶቹ መካከል ልቡ የራራ እንደነበረ ብዙዎች ያምናሉ።

በኖቬምበር ጀርመኖች እስከዚያ በቪሺ እጅ የቆየውን ደቡቡንም ያዙ። ከግንባር የቆሰሉ የጀርመን ወታደሮች ለማገገም ሻምቦን ውስጥ በሚገኝ ሆቴል ገቡ። ስደተኞቹና ወታደሮቹ በአንድ ጎዳና ይተላለፉ ጀመር። በዚህ ጊዜ ነው የሐሰት መታወቂያው ሥራ የተጧጧፈው። ኦስካር ሮዞቭስኪ የተባለ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው አይሁዳዊ፣ ቀድሞ የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ የነበረ፣ በአንድ ገበሬ ቤት ተጠግቶ ማኅተምና ፊርማ እያስመሰለ ሌሊቱን ይሠራ ነበር። ወረቀቱን የሚደብቀው በገበሬው የንብ ቀፎ ውስጥ ነው፤ ንብ ያለበትን ቀፎ የሚፈትሽ ፖሊስ የለም። ሚሬይ ፊሊፕ የተባለች ሴት ደግሞ እንግዶችን ወደ ስዊዘርላንድ ድንበር የሚያሻግረውን መስመር ትመራ ነበር፤ አንድ ጊዜም የባቡር ከሰል ጨማሪ ሠራተኛ መስላ ተጉዛለች።

ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1943 ምሽት ሁለት ፖሊሶች ትሮክሜን ሊይዙ መጡ። ትሮክሜ ስብሰባ ላይ ነበር፤ ሲጠብቁት ማግዳ አስቀመጠቻቸው። የራት ሰዓት ደረሰ፤ ለባሏ የእስር ቤት ልብስ እየሰበሰበች ለፖሊሶቹም ራት አቀረበችላቸው። በኋላ ሰዎች ባልሽን ሊወስዱ ለመጡ ሰዎች እንዴት ራት ታቀርቢያለሽ ሲሏት ግራ ተጋባች። የራት ሰዓት ነበር፣ ሁላችንም ርቦናል፣ ሌላ ምን አለ ነበር መልሷ።

ወሬው መንደሩን ዞረ። የሻምቦን ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ፓስተሩ ቤት እየገቡ ተሰናበቱት፤ ባዶ እጁን የመጣ አልነበረም። ለክፉ ቀን ያስቀመጡትን ሰርዲን፣ የሱፍ ካልሲ፣ በዚያ ዘመን በገንዘብ የማይገኝ ሻማ አመጡ። ከስጦታዎቹ አንዱ ጥቅል የመጸዳጃ ወረቀት ነበር፤ ትሮክሜ ካምፕ ደርሶ ሲተረትረው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅሶች በእርሳስ ተጽፈውበት አገኘ። ፖሊሶቹ ይህን ሁሉ ቆመው ያዩ ነበር። ትሮክሜ፣ ቴስና የትምህርት ቤት ዳይሬክተሩ ሮዤ ዳርሲሳክ በሊሞዥ አቅራቢያ ወዳለ ካምፕ ተወሰዱ። ከወር በኋላ ለማርሻሉ ትእዛዝ እገዛለሁ ብላችሁ ፈርሙና ውጡ ሲባሉ ሁለቱ ፓስተሮች አንፈርምም አሉ። ወደ እስር ክፍላቸው ተመለሱ። በማግስቱ ከበላይ መጣ በተባለ ትእዛዝ ሳይፈርሙ ተለቀቁ። ማሪ ዱራን ይህን ብትሰማ ደስ ባላት ነበር።

በደጋው ላይ ከሁሉ የመረረው ቀን ጁን 29 ቀን 1943 ነው። ማለዳ የናዚ ምሥጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ ሜዞን ዴ ሮሽ የተባለውን የተማሪዎች ማደሪያ ከበበ። የቤቱ ኃላፊ ዳንኤል ትሮክሜ የፓስተሩ ዘመድ፣ የ31 ዓመት የልብ ሕመምተኛ መምህር ነበር። በዚያች ሌሊት ሌሎች ሕፃናት በሚጠብቅበት ሌላ ቤት ነው ያደረው፤ ጫካው ቅርብ ነበር፣ መሸሽ ይችል ነበር። እሱ ግን ወደ ተማሪዎቹ ሄደ። ማግዳ ጉዳዩን ሰምታ በብስክሌት ደረሰች፤ የወጥ ቤት ሠራተኛ መስላ ገባች። ከተማሪዎቹ አንዱ ስፔናዊ ቀደም ሲል በሊኞን ወንዝ የሰመጠ ጀርመናዊ ወታደር አውጥቶ ነበር። ማግዳ ወደ ጀርመኖቹ ሆቴል ሮጣ ምስክር ይዛ መጣች፤ ያ ልጅ ተለቀቀ። ሌሎቹን ማዳን አልቻለችም። ዳንኤልና 18 ተማሪዎች ተጫኑ። ዳንኤል ለማግዳ ለወላጆቼ ጻፊላቸው፣ መጓዝ እንደምወድ ንገሪያቸው አላት። ኤፕሪል 1944 ፖላንድ ውስጥ በማይዳኔክ ካምፕ ሞተ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጥኖ ነው ያለፈው። ጌስታፖ ሊገድላቸው እንደሆነ ስለተነገራቸው ትሮክሜና ቴስ ተደበቁ፤ መንደሩ ግን ያለ ፓስተሮቹ ሥራውን ቀጠለ። ማግዳም፣ ገበሬዎቹም፣ ልጆቹም ምን እንደሚያደርጉ ያውቁ ነበርና። የመንደሩ ሐኪም ሮዤ ለ ፎሬስትየ፣ በአንድ ወቅት በጋቦን ከአልበርት ሽዋይትዘር ጋር የሠራ ሰው፣ ኦገስት 20 ቀን 1944 በሊዮን አጠገብ ከመቶ ከሚበልጡ እስረኞች ጋር ተረሸነ። በዚያው ወር ለእስረኛው ቸኮሌት የሰጠው ዣን ፒየር ትሮክሜ በድንገተኛ አደጋ ሞተ። ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ነፃ አውጪው ጦር ሻምቦን ገባ። ትሮክሜ በኋላ በአቅራቢያው ለታሰሩ ጀርመናውያን ምርኮኞች እየሄደ ይሰብክ ነበር፤ ይህን ያልወደዱለት የመንደሩ ሰዎች ነበሩ።

በአራቱ ዓመታት በደጋው የተጠለሉት ወደ 5 ሺህ ይገመታሉ፤ ከነዚህ ከ3 ሺህ እስከ 3,500 የሚሆኑት አይሁዶች ናቸው። ቁጥሩ ላይ የታሪክ ተመራማሪዎች አሁንም ይከራከራሉ፤ የተደበቀ ሰው መዝገብ ስለማይያዝለት ይህ አያስደንቅም። የዳኑት ሰዎች በ1979 ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት የምስጋና ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ አቆሙ። የእስራኤሉ የመታሰቢያ ተቋም ያድ ቫሼም አንድሬ ትሮክሜን በ1971፣ ሕይወቱ ባለፈበት ዓመት፣ በአሕዛብ መካከል ካሉ ጻድቃን ቆጠረው። በ1990 ደግሞ ሻምቦንንና የዙሪያዋን ሕዝብ በአንድነት አከበረ። ይህን ክብር እንደ ማኅበረሰብ ያገኙት እሷና ኒውላንዴ የተባለች የኔዘርላንድስ መንደር ናቸው። ጋዜጠኞች ማይክሮፎን ይዘው ወደ ደጋው ሲወጡ ግን ሽማግሌዎቹ ብዙ አልተናገሩም። ሰው ደጃችን መጣ፣ አስገባነው፤ ከዚህ የበለጠ ምን እንበል ይሉ ነበር።

ኤሪክ ሽዋም የተባለ ትውልዱ ከቪየና የሆነ አይሁዳዊ በ1943 በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ሻምቦን ደርሶ ነበር። ከዚያ አድጎ ፋርማሲስት ሆነ፤ ሊዮን ውስጥ በዝምታ ኖረ። በዲሴምበር 2020 በ90 ዓመቱ ሲሞት ኑዛዜው ተከፈተ። ወደ 2 ሚሊዮን ዩሮ የሚገመት ሀብቱን ለመንደሯ አውርሶ፣ ለልጆቿና ለትምህርት ቤቶቿ እንዲውል ጠይቆ ነበር።